እጅ የለቀቀ ይሸነፋል

ዓለምሸት ሊፍት ውስጥ እንኳ የልጇን እጅ አትለቅም። ሰው ቢስቅ ይሳቅ። ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚኖሩበት ሕንፃ የሊፍቱ ገመድ ተበጥሶ አያውቅም፤ ይህ ግን ለእሷ ዋስትና አይደለም። ገመድ የሚበጠሰው አንድ ቀን ብቻ ነው። ዓሣ ስትሠራ አጥንቱን ሁለቴ ለቅማ እንደገና በጣቷ ትዳብሰዋለች፤ በማለዳ ስልክ ከጮኸ «ማን ሞተ?» ብላ ነው የምታነሣው። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የተባለው ለእሷ ይመስል ነበር። ባሏ መርዕድ፣ አየር ማረፊያ ሻንጣ ሲጭን የሚውል ቀልደኛ ሰው፣ «አንቺ ዘንድ እኮ ደህና ቀን ማለት መንገድ ላይ የዘገየ አደጋ ነው» ይላታል።

የዘጠኝ ዓመቷ ጸዮን እንግዲህ ከእንዲህ ያለች እናት ነበር የካምፕ ፈቃድ የምትለምነው። ክፍሏ በሙሉ ለሦስት ቀን ሐይቅ ዳር ሊሄድ ነው። ታንኳ ይቀዝፋሉ፤ እሳት አንድደው ይዘፍናሉ፤ ድንኳን ውስጥ ያድራሉ። ዓለምሸት ከዚህ ሁሉ የሰማችው ሐይቅና እሳት የሚሉትን ብቻ ነው። ድቡን ራሷ ጨመረችበት።

«አይሆንም።»

ጸዮን አለቀሰች፤ አኮረፈች፤ ምሳ ዕቃዋን ሳትነካው መለሰች። ምንም አልሠራ ሲላት ግን ዕንባዋን ጠርጋ ሌላ ዘዴ ይዛ መጣች።

«እማዬ፣ ዲል እናድርግ።»

«ምን እናድርግ?»

«ውርርድ። ቅዳሜ የእነ ሪኒ በዓል ነው። ለአምላካቸው አሪፍ አሪፍ ቤት ይሠራሉ፤ አንዱ ከአንዱ ዲፈረንት ነው። ሲዞሩ ነው የሚውሉት። እኔም ልሂድ፤ አንቺም ነይ። ቀኑን ሙሉ እጅሽን ካልለቀቅኩ ካምፕ እሄዳለሁ። ከለቀቅኩ፣ ኖ ካምፕ። ሁለተኛ አልጠይቅሽም።»

ዓለምሸት በልቧ አሰላች። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ፣ ያውም ከጓደኛዋ ጋር፣ ያውም በበዓል፣ ቀኑን ሙሉ የእናቷን እጅ ይዛ ልትውል? ምሳ ሰዓት እንኳ አትደርስም። ከዚያ ወዲያ ክፉዋ እናት እሷ አይደለችም፤ ውርርዱ ነው።

«እጅ የለቀቀ ይሸነፋል?» አለቻት።

«እጅ የለቀቀ ይሸነፋል።»

«ሽንት ቤትና መኪና ውስጥ አይቆጠርም። እጅ መቀየርም ይፈቀዳል» አለች ዓለምሸት፣ ደግ ለመምሰል። «በይ ማይልኝ።»

«ማርያምን!»

«ማርያምን» አለች እናትም።

ሪኒ የጸዮን የክፍል ጓደኛ ናት፤ ቤታቸው እዚያው ፎቅ ላይ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ነው። እናቷ ሹሚታ ከካልካታ የመጣች፣ ፋርማሲ የምትሠራ፣ ስትስቅ ሰው የምታስቅ ሴት ናት። ዓለምሸት ሹሚታን ትወዳታለች። ያሳሰቧት አሮጊቷ እናቷ ነበሩ። ያን ሰሞን ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው አብረው ሰንብተዋል።

መጀመሪያ ያገኘቻቸው ሊፍት ውስጥ ነበር። ነጭ ሳሪያቸው ላይ ወፍራም የወንድ ሹራብ ደርበው፣ የሪኒን እጅ ይዘው ቆመዋል። ዓለምሸት በእንግሊዝኛ ሰላም ስትላቸው ከንፈራቸውን እንደገጠሙ አገጫቸውን ቀና አደረጉና «እም» አሉ። ከዚያ ፈገግ ሲሉ ጥርሳቸው ቀይ ነው። ቤት እንደገቡ ጸዮንን ጠየቀቻት፦

«እኚያ ሴትዮ ምን ሆነው ነው?»

«የሪኒ ዲዳ ናት እኮ።»

«ናቸው ይባላል! ትልቅ ሰው አይደሉ?»

«እሺ። ዲዳ ናቸው።»

«አይ እግዜር! ከመቼ ጀምሮ?»

ጸዮን ጥያቄው ግራ ገባት። ትንሽ አሰበችና፣ «ሪኒ ከተወለደች ጀምሮ መሰለኝ» አለች።

ዓለምሸት ከንፈሯን መጠጠች። ምን ዓይነት ምጥ ቢያዩ ነው፣ የልጃቸው ምጥ፣ አንደበታቸው የተያዘው? ሹሚታን አልጠየቀቻትም። የሰው ጉድለት ፊት ለፊት አይወራም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን አሮጊቷን ባገኘች ቁጥር በእጇ ነበር የምታወራቸው። ደረቷን መታ መታ ታደርጋለች፤ ሰማዩን አሳይታ «ይበርዳል» ለማለት ትንቀጠቀጣለች። እሳቸውም በእጃቸው ይመልሱላታል። አንድ ቀን ደግሞ ጃንጥላዋን የምታራግፍ መስላ ከቦርሳዋ ካለው ጠበል ጠብ ጠብ አደረገችባቸው። እሳቸው ትከሻቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው ፈገግ አሉ።

ለቅዳሜው የንስሐ አባቷን ደውላ ጠይቃለች። «ማየት አያረክስም» አሏት። «የተሠዋውን አትብሉ፤ ሰዎቹንም አታስቀይሙ።» ስለዚህ ቦርሳዋ ውስጥ ዳቦ ቆሎ፣ ውኃ፣ ፕላስተር፣ የእጅ ባትሪ፣ ትርፍ ካልሲና አንድ ፊሽካ ይዛ ወጣች።

«ፊሽካው ለምንድን ነው?» አለ መርዕድ።

«ጠፍታብኝ ስፈልጋት እንድትሰማኝ።»

«እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ልትውሉ አይደል እንዴ?»

«ቢሆንስ!»

መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ የመንገዱ ዛፎች ቀልተዋል። ሹሚታ ቫኗን እየነዳች፣ ከበሮ የሞላበት ሙዚቃ ለቅቃ፣ እንደ ጎረምሳ ጭንቅላቷን ትወዘውዛለች። አሮጊቷ ከፊት ተቀምጠው አንድ ቅጠል ከትንሽ ቆርቆሮ አወጡ። ነጭ ነገር ቀቡት፤ የተከተፈ ፍሬ ጨመሩበት፤ ጠቅልለው ጉንጫቸው ውስጥ ከተቱት። ዓለምሸት ከኋላ ሆና «ለአንደበታቸው የታዘዘላቸው መድኃኒት ነው» ስትል ደመደመች። ዳቦ ቆሎ ዘርግታ ስትሰጣቸው በሁለት እጃቸው ተቀብለው ለኋላ ብለው ሹራባቸው ኪስ ውስጥ አኖሩት።

«ምን መሰለሽ» አለች ሹሚታ በእንግሊዝኛ፣ ሙዚቃውን እያሳነሰች። «ዱርጋ እናታችን ባሏ ቤት ተራራ ላይ ነው የምትኖረው። በዓመት አንዴ አራት ልጆቿን ይዛ ወላጆቿ ዘንድ ትመጣለች። ጥቂት ቀን ነው የምትቆየው። ታዲያ እንግዳ ሲመጣ ቤት አይሠራም? እኛ አገር በየሰፈሩ መንገድ ላይ ይሠሩላታል። የእኔ ይበልጥ፣ የእኔ ይበልጥ ነው! እዚህ ይበርዳታል ብለን አዳራሽ እንከራያለን። የዛሬ ሥራችን መዞር ብቻ ነው።»

«ሰው ይበዛል?» አለች ዓለምሸት።

«በጣም!» አለች ሹሚታ በደስታ።

ዓለምሸት የጸዮንን እጅ ጠበቅ አደረገች። መኪና ውስጥ ባይቆጠርም።

የመጀመሪያው ኢቶቢኮ ውስጥ ነበር፤ ከውጭ ሲታይ ዕቃ ማከማቻ የሚመስል አዳራሽ። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ ዓለምሸት «ሚስማር ይኖር ይሆን?» እያለች ትርፉን ካልሲ በካልሲዋ ላይ ደረበች። መጋረጃው ሲገለጥ ግን ስለ ሚስማሩ ረሳች። ወንዝ ሥር ነበሩ። ጣሪያው በሙሉ ሰማያዊ ጨርቅ ነው፤ ከላዩ ለስለስ ያለ ነፋስ እየነፋበት ይዋዥቃል። ከጨርቁ በታች የእውነተኛ ጀልባዎች ሆድ ይታያል፤ መቅዘፊያዎቹ ወደ ታች ወርደው ቀስ ብለው ይንቀሳቀሳሉ። የወረቀት ዓሦች በክር ተንጠልጥለው ፊታቸውን ዳሰስ አደረጓቸው።

«እማዬ! ዓሣ ሆንን!» አለች ጸዮን።

«ጀልባው ቢወድቅስ?» አለች ዓለምሸት፤ ዓይኗን ግን ከላይ አላነሣችም። ከዚያ ሳታስበው አፏን እንደ ዓሣ እየከፈተችና እየዘጋች ልጇን አሳቀቻት። አሮጊቷም አይተዋት፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ በጉንጫቸው ዓሣ ሆኑላት።

መጨረሻው ላይ ዱርጋ ቆማለች፤ አንበሳ ላይ አንድ እግሯን አድርጋ፣ ጭራቁን በጦር ወግታ። ፊቷ ቢጫ፣ ዓይኖቿ እስከ ጆሮዋ። ዓለምሸት በልቧ አማተበች። ማየት አያረክስም። ከዚያ እጆቿን መቁጠር ጀመረች፤ አሥር ናቸው። አንዱ ጎራዴ ይዟል፣ አንዱ ቀስት፣ አንዱ አበባ።

«ልጆቿ የትኞቹ ናቸው?» ብላ ሹሚታን ጠየቀቻት።

«እነዚያ፤ ግራና ቀኝ የቆሙት።»

«አሥር እጅ ይዛ አንዱንም ለልጆቿ አላተረፈችም?»

ሹሚታ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ተርጉማ ለእናቷ ነገረቻቸው፤ አሮጊቷ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ። ድምፅ የለውም ሳቃቸው። ዓለምሸት አንጀቷን በላት።

ሁለተኛው ዳንፎርዝ አካባቢ፣ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ማኅበሩ ዓመቱን ሙሉ ከየቢሮው የቡና ወረቀት ኩባያ ሲለቅም ከርሞ በረዶ የለበሰ ተራራ ሠርቶበታል። በእያንዳንዱ ኩባያ ውስጥ ትንሽ መብራት አለ። መብራቱ ሲጠፋና ሲበራ ተራራው የሚተነፍስ ይመስላል። እዚህ ዱርጋ ካናዳ የደረሰችው በክረምት ነው። አንበሳው የሹራብ ሻርፕ ጠምጥሟል። የዝሆን ራስ ያለው ልጇ ጆሮው አልገባ ብሎት ሁለት ቦታ የተቀደደ ኮፍያ አድርጓል። ጭራቁ እንኳ የበረዶ ቦቲ ተጫምቷል።

«ጭራቁም በርዶታል!» አለች ጸዮን እየዘለለች።

«ማን ይኼን ሁሉ ኩባያ አጥቦ ይሠራዋል!» አለች ዓለምሸት። «ጸዮን፣ እዪ እዪ! ወፏን አየሻት? እሷም ጓንት አላት!» አሁን እናቲቱ ነበረች ልጅቱን የምትጎትታት። አንድ ዙር አልበቃትም፤ እንደገና ዞረው ገቡ። መርዕድ ሲደውል፣ «ምነው፣ እስካሁን ሁላችሁም በሕይወት አላችሁ?» አላት።

«ዝም በል! አንበሳው ሻርፕ አድርጓል!» ብላ ዘጋችበት።

የጸዮን እጅ አልተለቀቀም። ላብ አርሶታል፤ ጣቶቿ ደንዝዘዋል፤ ዳቦ ቆሎውን በግራ፣ ውኃውን በቀኝ እየቀያየረች እንደያዘች ነው። ሪኒ «ነይ እንሩጥ» ስትላት ራሷን ትነቀንቃለች። ዓለምሸት ልጇን በጎን እያየች፣ ይቺ ልጅ ልታሸንፈኝ ነው፣ ብላ ፈራች። ሐይቁ ፊቷ ላይ ድቅን አለ።

ሦስተኛው ስካርቦሮ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ነበር፤ ትልቁም እሱ ነው። ገና ከመኪና ማቆሚያው ከበሮው ደረታቸውን መታው። በሩ የባቡር ፉርጎ ነው። በእንጨት አግዳሚዎች መካከል አልፈው ከወዲያ ሲወጡ አንድ ሙሉ የጥንት ባቡር ጣቢያ ውስጥ ይደርሳሉ፤ ሰዓት፣ ፋኖስ፣ ሻይ ሻጭ፣ የትኬት መስኮት፣ የባቡር ዘብ ልብስ ለብሰው ፊሽካ የሚነፉ ወጣቶች። ከፍ ብላ በተሠራች ማስታወቂያ ክፍል አንድ ሰው ማይክሮፎን ይዞ የሌለ ባቡር መድረሱን ይለፍፋል። ፕላትፎርሙ ላይ ዱርጋ አሁን ከባቡር የወረደች ይመስል ከአራት ልጆቿና ከመኝታ ጥቅሏ ጋር ቆማለች። ሰዉ እንደ ጎርፍ ነው።

«እጄን!» አለች ዓለምሸት።

«ይዤዋለሁ!» አለች ጸዮን።

በዚህ መካከል ከበሮው ቆመ። ከፕላትፎርሙ አንዲት ሴት አፏን በእጇ ከልላ ድምፅ አወጣች። ዓለምሸት እንደ ድንጋይ ቀረች።

«ሹሚታ! ይኼ እኮ እልልታ ነው!»

«እኛ ኡሉ እንለዋለን። ውድድር ነው፤ ሳትተነፍስ ብዙ የቆየች ታሸንፋለች። እናንተም አላችሁ?»

አላችሁ ትላለች! ዓለምሸት በቤተ ክርስቲያን ታቦት ሲወጣ ሌሎች ሴቶች ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ እሷ እልልታዋን ገና አላጋመሰችም። መርዕድ እንኳ ያጫት በእልልታዋ ነው ይባላል። አሁን መነጽር ያደረገች አንዲት ወፍራም ሴት እልል ብላ፣ ብላ፣ ደክሟት ስታቆም አዳራሹ አጨበጨበ። ዓለምሸት «ይኼማ ምን አላት!» ብላ ሳታስበው ጮክ አለች። ይህንኑ በእንግሊዝኛ ደገመችው፤ ሹሚታ ክንዷን ይዛ ወደ ፕላትፎርሙ ገፋቻት።

«ኧረ አይሆንም! ኧረ ኃጢአት ነው!»

«ውጪ እማዬ! ውጪ!» ጸዮንና ሪኒ ይዘላሉ።

ወጣች። ጸዮን እጇን እንደያዘች ተከተለቻት፤ ሴቶቹ ክብ ሠርተው ከበቧቸው። ዓለምሸት ዓይኗን ጨፈነች። ለእመቤቴ ነው፣ አለች በልቧ፤ ለማን እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ከዚያ ቀኝ እጇን ወደ አፏ ወሰደች።

እልልታው መጀመሪያ ቀጭን ነበር፤ ቀጥሎ ወፈረ፤ ጣሪያውን መታ፤ ተመለሰ። ከበሮ መቺዎቹ መታገሥ አቃታቸው፤ ተከተሏት። ሻይ ሻጩ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ አፉን ከፈተ። ትንፋሿ አለቀ ሲባል ከየት እንደምታመጣው አይታወቅም፣ እንደገና ሽቅብ ወጣች። ስታቆም ጂሙ በጭብጨባ ተናወጠ። ሴቶቹ አቀፏት፤ ሳሟት፤ አንዷ ለሽልማት አንድ ነጭ የባሕር ዛጎል እጇ ላይ አኖረችላት። ዓለምሸት እየሳቀች፣ ፊቷ በላብ አብረቅርቆ፣ ወደ ታች ወረደች።

እጇ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ጸዮን ግን አይደለችም።

ዛጎሉን አየችው። ወደ ግራ ዞረች፤ ወደ ቀኝ።

«ጸዮን!»

ሹሚታ በሰው መካከል እየተጋፋች የመኪና ቁልፏን ይዛ መጣች። «ድንቅ ነሽ! ከውጭ እንኳ ሰማሁሽ! ቫኔ መንገድ ዘግቶ አስጠርተውኝ ነው፤ ልጆቹ ከዲዳ ጋር ናቸው፣ አታስቢ።»

«ከማን ጋር?»

«ከዲዳ ጋር።»

ከዲዳ ጋር! በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል፣ ሁለት ልጆች፣ ከአንዲት መናገር የማይችሉ አሮጊት ጋር! ልጆቹ ቢሮጡ «ቁሙ» አይሉ፤ ሰው ቢወስዳቸው «ኡኡ» አይሉ፤ ቢጠፉ «ልጅ አያችሁ?» ብለው አይጠይቁ። ዓለምሸት አሮጊቷ አፋቸውን ከፍተው ድምፅ አልወጣ ሲላቸው በዓይነ ሕሊናዋ አየቻቸው። ሹሚታ ከኋላ ስትጠራት አልሰማችም፤ ሮጠች።

በፉርጎው በኩል ሰው በሚገባበት ተጋፍታ ልትወጣ ሞከረች፤ ጎርፉ መለሳት። «ጸዮን!» አለች፤ ከበሮው እንደገና ጀምሯል። ያገኘችውን ሁሉ ክንድ ያዘች። «ነጭ ሳሪ የለበሱ አሮጊት፣ መናገር የማይችሉ፣ ሁለት ልጆች የያዙ!» ሰዎቹ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መናገር የማይችሉ አሮጊት አላየንም። ፊሽካዋን አወጣችና ባላት ኃይል ነፋች። አንድ የባቡር ዘብ የለበሰ ወጣት ዞር ብሎ አያትና በደስታ የራሱን ነፋላት፤ ሌላውም ከወዲያ ጥግ መለሰ፤ ጣቢያው በሙሉ በፊሽካ ተሞላ። በአንድ በር ገፍታ ስትወጣ ባዶ ኮሪደር፣ የተማሪ ቁም ሣጥኖች። በሌላ በር ስትገባ የተደረደሩ ወንበሮች። የመጣችበት በር ጠፋት። የፈሩት ይደርሳል፤ ይኸው ደረሰ። ካምፕ? ከእንግዲህ እስከ ፖስታ ሣጥኑ እንኳ ብቻዋን አትሄድም። ብቻ ትገኝ! ብቻ አንዴ ትገኝልኝ!

ያኔ ነው ድምፁ የመጣው።

በድምፅ ማጉያው፣ ከበሮውን ዝም የሚያሰኝ የሴት ድምፅ። ያረጀ፣ ግን እንደ ደወል የጠራ፣ አንድ መቶ ልጅ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ድምፅ። በቤንጋሊኛ ይናገራል። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ዙሪያውንም ይፈልግ ጀመር። ከዚያ በመካከሉ፣ ልጅ ባስጠናው ሰባራ አማርኛ፦

«ዓ-ለም-ሸት! ዓ-ለም-ሸት! ጸዮን እዚህ! ነይ! ነይ!»

ዓለምሸት በድምፁ ተጎትታ ሄደች። ሰዉ መንገድ ከፈተላት፤ «እሷ ናት! እሷ ናት!» እያለ በጣቱ አሳያት። ማስታወቂያዋ ክፍል ደረሰች። ጸዮንና ሪኒ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን እያወዛወዙ ዳቦ ቆሎ ይቆረጥማሉ። ማይክሮፎኑን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ጉንጫቸው ባዶ፣ አገጫቸው ቀና ብሎ የሚጣሩት አሮጊቷ ነበሩ።

«ተናገሩ!» አለች ዓለምሸት። «ዲዳዋ ተናገሩ! ጠበሉ! የእመቤቴ ያለህ፣ አንደበታቸው ተፈታ!» ልጇን ጥምጥም ብላ አቅፋ፣ ዕንባዋ እየወረደ፣ እልልታዋን ለቀቀችው። ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር። ጂሙ ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ መለሰችላት።

ሹሚታ እያለከለከች ስትደርስ ዓለምሸት የአሮጊቷን እጅ እየሳመች ነበር። «ሹሚታ! እናትሽ ተናገሩልሽ!»

«አዎ» አለች ሹሚታ። «ማን ዝም ሊያሰኛቸው? የሴቶች ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነበሩ። ስም ሲጠሩ ቁራ ከዛፍ ይነሣ ነበር።»

«ዲዳ አይደሉም?»

«ዲዳ ናቸው እንጂ!»

«እማዬ» አለች ጸዮን፣ አፏን በዳቦ ቆሎ ሞልታ። «ዲዳ እኮ የእናት እናት ማለት ነው። አያት። በእነሱ ቋንቋ።»

ዓለምሸት ሁሉንም በየተራ አየቻቸው። ቀስ ብላ ማይክሮፎኑን አጠፋች። ከዚያ ፊቷ እየጋለ፣ በሰባራ እንግሊዝኛዋ፣ ቃሉ በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ፣ የሊፍቱን፣ የእጅ ንግግሩን፣ የጠበሉንም ሳትደብቅ ተናገረች። ሹሚታ ግድግዳውን ተደግፋ እየሳቀች ተረጎመች። ዓለምሸት ይቀየሙኛል ብላ አንገቷን ደፋች። አሮጊቷ ግን ወገባቸውን ይዘው፣ አሁን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እንባ በእንባ እስኪሆኑ ሳቁ።

«ምን አሉ?»

«የቅጠሉ ቀይ ውኃ ሳሪዬን እንዳያበላሽብኝ ነው አፌን የምገጥመው አሉ። ደግሞ አንቺ በእጅሽ ስታወሪ፣ በአገራችሁ ወጣት ለሽማግሌ ቃል ማውጣት ነውር መስሏቸው፣ እንዳላሳፍራት ብለው እሳቸውም ዝም አሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጆችን ዝም በሉ ስል ኖሬ እግዜር ብድሬን በቶሮንቶ ሊፍት ከፈለኝ ብለዋል።»

«ቅድም ሕዝቡን ያሳቁት ምን ብለው ነው?»

ሹሚታ ዓይኗን ጠረገች። «‹አንዲት እናት ጠፍታለች› አሉ። ‹ቀይ ሹራብ ለብሳለች፤ በእጇ ዛጎል ይዛለች፤ እልል የምትለዋ ናት። ያገኛት ሰው እዚህ ያምጣልን፤ ልጇ እየጠበቀቻት ነው።›»

ዓለምሸት ወደ ጸዮን ዞረች። ልጅቱ ቀኝ እጇን ከፍ አድርጋ ዘርግታለች፤ ጣቶቿ እንደተጨማደዱ ናቸው።

«እኔ አልለቀቅኩም፣ እማዬ» አለች። «እዚያ አጠገብሽ ቆሜ ነበር። አንቺ እጅሽን ወደ አፍሽ ወሰድሽው። ከዚያ ሴቶቹ ገፉኝና ዲዳ ይዘውኝ ወጡ። ሪኒም አይታለች።»

ዓለምሸት ለመካድ አፏን ከፈተች። ሕዝብ በዝቶ ነበር ልትል። ሹሚታ ገፍታኝ ነው ልትል። ቀኝ እጇ ግን ዛጎሉን እንደጨበጠ ነው። በዚያ እልልታ መካከል፣ ሙሉውን ትንፋሽ፣ ምንም ክፉ ነገር አላሰበችም ነበር። ሰማዩም አልወደቀም። ልጇን በደህና፣ ከአያት ጋር ሆና፣ እናቷን ስታፈላልግ አገኘቻት።

«እጅ የለቀቀ?» አለች ጸዮን፣ በትንሽ ድምፅ።

ቃል የእምነት ዕዳ ነው።

«ይሸነፋል» አለች ዓለምሸት። «ማርያምን ብያለሁ። ሂጂ።»

ጸዮን ከበርጩማው ዘላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሪኒ ጮኸች። አሮጊቷ ምን እንደተባለ ሳይገባቸው ማይክሮፎኑን መልሰው አበሩና ለሕዝቡ አንድ ነገር ለፈፉ፤ አዳራሹ አጨበጨበ።

«ግን ሐይቁ ጥልቅ ነው?» አለች ዓለምሸት በጭብጨባው መካከል። «የሚንሳፈፍ ጃኬት አላቸው? ፊሽካውን ትወስጂዋለሽ፤ አንገትሽ ላይ! ድብ ፊሽካ ይፈራል?»

ቤታቸው ሲደርሱ ሊፍቱ ውስጥ ጸዮንና ሪኒ በጥግ ቆመው የድንኳን ወሬ ያወራሉ፤ ቁልፉን የተጫነችው ጸዮን ናት። ዓለምሸት የያዘችው የአሮጊቷን እጅ ነበር። እሷ በአማርኛ ስለ ገመዱ ሥጋቷን ትነግራቸዋለች፤ እሳቸው በቤንጋሊኛ ይመልሱላታል። አንዳቸውም አንድ ቃል አልገባቸውም፤ አንዳቸውም እስከ ፎቃቸው ድረስ አፋቸውን አልዘጉም።